ሱቅ ደርሶ የሚመለስ እንግሊዝኛ

ጥያቄ፦ «ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። ነዋሪነቴ በደብረ ብርሃን ከተማ ሲሆን ዕድሜዬ 54 ዓመት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ትንሽ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ይዤ ልጆቼን አሳድጌአለሁ። ታላቋ ልጄ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ በሚባለው ግዛት ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስለሆነ እንዳርሳት ጠርታኛለች፤ የምሄደውም ከአምስት ወር በኋላ ነው። የተማርኩት እስከ 6ኛ ክፍል ነው። ፊደሉን እለያለሁ፣ ሰላምታም አልረሳሁም፤ ነገር ግን መደብር ገብቼ ዕቃ መፈለግ፣ መድኃኒት መቀበል፣ አውቶቡስ መሳፈር የምችል አይመስለኝም። ልጄ ‹እማዬ አትጨነቂ፣ ሁሉንም እኔ አደርገዋለሁ› ትለኛለች፤ ባለቤቷ ግን የሌሊት ሠራተኛ ነው፣ እርሷም አራስ ናት። አራስ ልጠብቅ ሄጄ እኔው የምጠበቅ እንዳልሆን እሰጋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ቋንቋ ትምህርት ቤት ከልጆች ጋር መቀመጡን ደግሞ አፈርኩ። ምን ይሻለኛል? ባለሱቋ፣ ከደብረ ብርሃን»

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ማርያም ልጅዎን በሰላም ታገላግልልዎ፤ እርስዎም ለልጅ ልጅ በመድረስዎ እንኳን ደስ ያለዎ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ የቋንቋ ጥያቄ ብቻ መሰለኝ፤ በሁለተኛው ግን «እኔው የምጠበቅ እንዳልሆን» ያሉት ላይ ቆምኩ፤ ምክሬም የሚነሣው ከዚያው ነው።

እንግሊዝኛን በአምስት ወር መማር አይቻልም፤ ለሚሄዱበት ጉዳይም አያስፈልግዎትም። የሚያስፈልግዎ ከቤት ወጥተው አንድ ጉዳይ ፈጽመው ለመመለስ የሚበቃው ያህል ነው፤ ቦታዎቹም ቢቆጠሩ ከአምስት ወይም ከስድስት አያልፉም። የምግብ መደብር አለ፣ መድኃኒት ቤት አለ፣ የሕፃኑ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለ፣ አውቶቡስ አለ፣ የማይስማማ ዕቃ መመለስ አለ። በእያንዳንዱ ቦታ የሚነገረው ነገር ዛሬም ነገም ያው ነው። ይህን ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ከሃያ ዓመት በላይ ከባንኮኒ ኋላ ቆመው፣ ደንበኛ ምን ብሎ እንደሚገባ፣ ምን እንደሚጠይቅ፣ ዋጋ ሲነገረው ምን እንደሚል፣ መልስ ተቀብሎ እንዴት እንደሚወጣ በየቀኑ ሰምተዋል። አሁን የሚለወጠው ባንኮኒውን ተሻግረው በገዥው በኩል መቆምዎ ብቻ ነው።

ከልጆች ጋር መቀመጡን ማፈርዎን አልነቅፍም። እንዲያውም እንኳን አልተመዘገቡ እላለሁ፤ ምክንያቱም የጀማሪዎች ክፍል የሚጀምረው ከሰዋስውና ከግሥ እርባታ ነው፤ ያ ለፈተና ለሚዘጋጅ ተማሪ ተገቢ ቢሆንም፣ አምስት ወር ብቻ ላለው ሰው ጊዜውን ይበላበታል። ደግሞም የሚነሡት ከባዶ አይደለም። እርስዎ በተማሩበት ዘመን እንግሊዝኛ በአንደኛ ደረጃ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ሲሰጥ ቆይቶ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋ ይሆን ስለነበር፣ እርስዎ ያቋረጡት ከደጁ ደርሰው ነው። ፊደሉን መለየትዎ ቀላል ስንቅ አይደለም፤ በመደብር መደርደሪያ ላይ ግማሹን ሥራ የሚሠራልዎ እርሱ ነው።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያለባት ከተማ ናት፤ ከሱቅዎ በዱቤ የሚወስዱ ተማሪዎችም ሳይኖሩ አይቀሩም። ከእነርሱ መካከል ትዕግሥት ያላትን አንዲት ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ ሱቅዎ ድረስ እንድትመጣ ያነጋግሯት፤ ክፍያዋም በገንዘብ ካልሆነ በሸቀጥ ሊሆን ይችላል። ሰዋስው እንዳታስተምርዎ ግን አስቀድመው ይንገሯት። የእርሷ ሥራ ሻጭ መሆን ነው፤ እርስዎ ገዥ ሆነው፣ በራስዎ መደርደሪያ ላይ ባለው ሸቀጥ፣ በእንግሊዝኛ መገበያየት ነው። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ከቆያችሁ በኋላ ያው ባንኮኒ መድኃኒት ቤት ይሁን፤ ቀጥሎ የሐኪም ቤት መቀበያ ይሁን። አንዱን ቦታ ሳይጠግቡ ወደ ሌላው እንዳይሻገሩ አደራ እላለሁ።

ልጅቷ በማትመጣባቸው ቀናት መምህሮችዎ ደንበኞችዎ ናቸው። አንድ ሰው ዕቃ ገዝቶ በወጣ ቁጥር የወሰደውንና የከፈለውን ድምፅዎን ዝቅ አድርገው በእንግሊዝኛ ይበሉት። አምስት እንቁላል ከሸጡ «ፋይቭ ኤግስ»፣ ሦስት ሻማ ከሸጡ «ስሪ ካንድልስ»፣ መልስ 35 ብር ከሰጡ «ሰርቲ ፋይቭ»። በቀን አርባ ደንበኛ ካስተናገዱ አርባ ጊዜ ተለማመዱ ማለት ነው፤ ይህን ያህል ድግግሞሽ የሚሰጥ ትምህርት ቤት የለም። ጨው «ሶልት»፣ ስኳር «ሹገር»፣ ዘይት «ኦይል»፣ ሳሙና «ሶፕ»፣ ክብሪት «ማችስ» እያሉ መደርደሪያዎን በሙሉ በሁለት ሳምንት መጨረስ ይችላሉ።

ሆኖም በሱቅዎ ውስጥ «የፈረንጅ» መስለው የተቀመጡ፣ ነገር ግን አሜሪካ ሲደርሱ የማይሠሩ ስሞች አሉ፤ እነዚህን ተማሪዋም ላታስተውላቸው ስለምትችል እኔ ላንሣቸው። ፌርማታ፣ ቦርሳ፣ ካልሲና በረኪና ወደ አማርኛ የገቡት ከጣልያንኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ፌርማታው «በስ ስቶፕ»፣ ቦርሳው «ባግ»፣ ካልሲው «ሶክስ»፣ በረኪናው «ብሊች» ነው። ሌሎቹ ደግሞ የንግድ ምልክት ስም ሆነው ሳለ እኛ የዕቃው ስም ያደረግናቸው ናቸው። ኦሞ ብለው ቢጠይቁ አብዛኛው ሰው አይገባውም፤ የልብስ ማጠቢያው «ሎንድሪ ዲተርጀንት» ይባላል። ላርጎ የምንለው የዕቃ ማጠቢያ «ዲሽ ሶፕ» ነው። ሶፍት ለእነርሱ «ለስላሳ» ማለት ብቻ ስለሆነ፣ የአፍንጫው «ቲሹ»፣ የመጸዳጃው «ቶይሌት ፔፐር» ይባላል። ፓምፐርስም የንግድ ምልክት ስም ነው፤ የዕቃው ስም «ዳይፐር» ሲሆን፣ ይህን ቃል ከሁሉ አስቀድመው ቢይዙት ደግ ነው፤ ለአራስ ቤት ከወተት ቀጥሎ በብዛት የሚፈለገው እርሱ ነውና።

አሁን ወደ መደብሩ እንግባ። በዚያ ያለው ትልቅ መደብር እንደ እርስዎ ሱቅ ባለቤቱ ከኋላ ቆሞ የሚያቀብልበት አይደለም፤ ገዥው ራሱ ጋሪ እየገፋ ከመደርደሪያ ያነሣል። ስለዚህ «ስጠኝ» የሚለው ቃል ብዙ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው «የት ነው?» የሚለው ነው። «ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ዌር ኢዝ ዘ ሚልክ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ነው፤ «አይል ሰቨን» ቢልዎ ሰባተኛው የመደርደሪያ ረድፍ ማለቱ ነው፣ ቁጥሩም ከረድፉ በላይ ተሰቅሎ ይታያል። ስለዚህ ከአንድ እስከ ሃያ ያለውን ቁጥር በጆሮ መለየት፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከመቻል ይቀድማል።

በጆሮ መለየት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ቃሉን ከዳር እስከ ዳር በእኩል ክብደት ስለምንናገር «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» ይምታቱብናል፤ አንዱ አሥራ አምስት፣ ሌላው ሃምሳ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው አሥራ አምስት ሲል መጨረሻውን ያጠብቃል፣ ያረዝማልም፤ ሃምሳ ሲል መጀመሪያውን ጫን ብሎ መጨረሻውን ይጥለዋል። ከ13 እስከ 19 ያሉት ሁሉ ከ30 እስከ 90 ካሉት ጋር በዚሁ መንገድ ይምታታሉ። ከተጠራጠሩ «ዋን ፋይቭ? ኦር ፋይቭ ዜሮ?» ብለው አኃዞቹን ለየብቻ ይጠይቁ፤ የአገሩም ሰው በስልክ ሲነጋገር እንዲህ ያደርጋል። ዋጋ ሲነገርም ዶላርና ሳንቲም የሚሉት ቃላት ይዋጣሉ፤ «ፎር ትዌንቲ ፋይቭ» ቢባሉ አራት ዶላር ከሃያ አምስት ሳንቲም ነው።

በዋጋው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። መደርደሪያ ላይ የተጻፈው ዋጋና መክፈያው ላይ የሚጠየቁት ቢለያይ ያታለሉዎ አይምሰልዎ። በአሜሪካ የሽያጭ ግብር የሚታከለው በመጨረሻ ላይ ነው። በሜሪላንድ 6 በመቶ ሲሆን፣ ለቤት የሚገዛ ምግብ አብዛኛው ከዚህ ነፃ ነው፤ 5 ዶላር የተባለ የልብስ ሳሙና ግን 5 ዶላር ከ30 ሳንቲም ያስከፍላል። ክርክር በሌለበት መደብር ዋጋ ማስቀነስ አይሞከርም። ሥጋና አትክልት የሚመዘነው በ«ፓውንድ» ነው፤ አንድ ፓውንድ 454 ግራም ስለሆነ፣ እርስዎ በእጅዎ መዝነው የሚያውቁት ግማሽ ኪሎ ከዚያ ጥቂት ይበልጣል። ሳንቲሞቹንም ልጅዎ አስቀድማ በፎቶግራፍ ብትልክልዎ መልካም ነው፤ አሥር ሳንቲም የሆነችው «ዳይም» ከአምስት ሳንቲሙ «ኒክል» ታንሳለች፣ በላይዋም ላይ አሥር የሚል ቁጥር የለባትም። ሃያ አምስቱ «ኳርተር» ይባላል።

ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ሲደርሱ የሚጠየቁት ከአራት ጥያቄ አይበልጥም። «ሃው አር ዩ?» ስትልዎ እንደ እኛ አገር የቤተሰቡን ደኅንነት መጠየቅዋ ስላልሆነ፣ «ጉድ፣ ታንክ ዩ» ብለው ያልፋሉ። «ዱ ዩ ኒድ ኤ ባግ?» ካለች ፌስታል ይፈልጋሉ ወይ ማለቷ ነው። «ካሽ ኦር ካርድ?» ግልጽ ነው። የመደብሩን የአባልነት ካርድ ወይም ስልክ ቁጥር ብትጠይቅዎ «ኖ፣ ታንክ ዩ» ይበቃል። ልጅዎ እነዚህን ጥያቄዎች በራሷ ድምፅ፣ ሳትዘገይ፣ በአገሩ ሰው ፍጥነት ተናግራ በቴሌግራም ትላክልዎ። ለእናቷ አዝና ቀስ ብላ ከተናገረችልዎ የሚለምዱት እዚያ የማይሰሙትን እንግሊዝኛ ይሆናል።

ስለ አነጋገር ሥርዓትም ማወቅ የሚገባዎ ነገር አለ። በአማርኛ አክብሮታችን በግሡ ውስጥ ነው፤ «ይስጡኝ» ስንል ትሕትናው ተነግሮ አልቋል። እንግሊዝኛ አንተንም አንቺንም እርስዎንም «ዩ» ብቻ ስለሚል፣ «ይስጡኝ»ን ቃል በቃል «ጊቭ ሚ» ብንለው ትእዛዝ ሆኖ ይሰማል፤ እኛ አክብረን ሳለ ጨዋነት የጎደለን እንመስላለን። «ካን አይ ሃቭ» ብለው ይጀምሩ፣ የዕቃውን ስም ያስገቡ፣ «ፕሊዝ» ብለው ይጨርሱ። ከዚህ ሌላ የትሕትና ሰዋስው አያስፈልግዎትም።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ እርስዎ ስለሚሉት ነው። የሚከብደው ግን ሌላው የሚመልስልዎ ነው፤ በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ይሉኝታ የሚሉት ጠባያችን፣ ያልገባንን ነገር እንደገባን ሆነን ራሳችንን እንድንነቀንቅ ያደርገናል። ሰውየውን ሁለት ጊዜ ማስደገም እርሱን ማድከም፣ ራስንም ማዋረድ ይመስለናል። በባዕድ ቋንቋ ግን ትልቁ ችሎታ ማስደገም ነው። «ሶሪ፣ ስሎውሊ ፕሊዝ» ቀስ ይበሉልኝ ነው፤ «ሾው ሚ፣ ፕሊዝ» ያሳዩኝ ነው፤ «ካን ዩ ራይት ኢት?» ይጻፉልኝ ነው። እነዚህን ሦስቱን ከመሄድዎ በፊት እንደ ዳዊት ደጋግመው ይውጧቸው። ተማሪዋንም በየልምምዱ መካከል ሆን ብላ የማይገባዎትን ነገር በፍጥነት እንድትናገር ያዟት፤ እርስዎም ሳያፍሩ ማስቆምን ይልመዱ። ያልገባዎትን ነገር «የስ» ማለትን ከአሁኑ ይተዉ።

«የስ» እና «ኖ» ራሳቸው እንዴት እንደሚያሳስቱ በራሴ ደርሶ አይቼዋለሁ። ለትምህርት ውጭ አገር በነበርኩበት ዘመን መድኃኒት ልቀበል ሄጄ ባለሙያዋ «ሌላ መድኃኒት አይወስዱም?» ብላ በአሉታ ጠየቀችኝ። እኔ በአማርኛ ልማድ «አዎ፣ አልወስድም» ለማለት «የስ» አልኩ። እርሷ «አዎ፣ እወስዳለሁ» እንዳልኩ አድርጋ ተረዳች፤ መድኃኒቱን ይዛ ወደ ሐኪሙ ደወለች፣ ነገሩ እስኪጣራ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምኩ። እንግሊዝኛ በአሉታ ለቀረበ ጥያቄ «ኖ» ሲል «አልወስድም» ማለቱ ነው፤ የእኛ «አዎ» ግን የጠያቂውን ቃል ያጸድቃል። የእኔው ስሕተት ጊዜ ብቻ አስከፈለኝ። የደም ግፊት መድኃኒት እየወሰደ ያለ ሰው ግን «ኧረ እወስዳለሁ» ለማለት «ኖ» ቢል የሚከተለው ከባድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመድኃኒት ቤትና በሐኪም ዘንድ «የስ» ወይም «ኖ» ብለው አይቁሙ፤ ነገሩን ራሱን ይጥሩት። ሌላ መድኃኒት ከሌለዎ «ኖ አዘር ሜዲሲን»፣ ካለዎ «አይ ቴክ ሜዲሲን» ብለው ብልቃጡን ያሳዩ። የሚያስቆጣዎ መድኃኒት ወይም ምግብ ከሌለ «ኖ አለርጂ» ይበሉ። በተጨማሪም እኛ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንለው «አዎ» ለእነርሱ ድንጋጤ ይመስላቸዋል፤ ቃሉን አውጥተው ይናገሩት።

በመድኃኒት ቤት መጀመሪያ የሚጠየቁት «ዴት ኦፍ በርዝ?» ነው፤ የልደት ቀን ማለት ነው። ለልጅዎ ከሆነ የልጅዎን፣ ለሕፃኑ ከሆነ የሕፃኑን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በቃል ይያዙ። በአሜሪካ ወሩ ከቀኑ ይቀድማል፤ 03/04 ተብሎ የተጻፈ ማርች 4 እንጂ ኤፕሪል 3 አይደለም፤ የቀጠሮ ወረቀትም የሚነበበው እንዲሁ ነው። ስም ፊደል በፊደል ሲጠየቅ ደግሞ ሦስት ፊደላት ያስቸግሩናል። የመጀመሪያው የላቲን ፊደል «ኤይ»፣ አምስተኛው «ኢ»፣ ዘጠነኛው «አይ» ይባላሉ፤ የእኛ ጆሮ ግን «ኢ» ሲባል ዘጠነኛውን፣ «ኤ» ሲባል አምስተኛውን ይጽፋል። ለምለም የሚለው ስም ቢጻፍ «ኤል፣ ኢ፣ ኤም፣ ኤል፣ ኢ፣ ኤም» ተብሎ ይነገራል። የራስዎን፣ የልጅዎንና የባለቤቷን ስም በፓስፖርታቸው ላይ ባለው አጻጻፍ ይህን በመሰለ መንገድ ይለማመዱ። «ፒል» የምትዋጥ ክኒን ስትሆን «ቢል» የሚከፈል ሒሳብ ነው፤ ፊት ለፊትዎ ቁራጭ ወረቀት ይዘው «ፒል» ሲሉ ወረቀቱ ካልተነቃነቀ «ቢል» ብለዋል ማለት ነው።

አወሳሰዱን በተመለከተ «ዋንስ ኤ ደይ» በቀን አንድ ጊዜ፣ «ትዋይስ ኤ ደይ» ሁለት ጊዜ፣ «ዊዝ ፉድ» ከምግብ ጋር ነው። ሲነገርዎ የገባዎትን በጣትዎ እያሳዩ መልሰው ይንገሯቸው፤ ባለሙያዎቹ ይህን ይወዱታል። ትኩሳት የሚለካው በፋራናይት ስለሆነ አንድ ቁጥር ብቻ በልብዎ ይያዙ፤ እርሱም 100.4 ነው፣ በእኛ 38 መሆኑ ነው። ከሦስት ወር በታች ያለ ሕፃን ያን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ካተኮሰ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይነገራል።

ከዚህ ያለፈ የሕክምና ንግግር በራስዎ እንግሊዝኛ እንዳይሞክሩ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ከፌዴራል መንግሥቱ ገንዘብ የሚቀበሉ የአሜሪካ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች፣ በ1964 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት፣ እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ብዙ ጊዜም አስተርጓሚው በስልክ ይገባል። «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ» ማለት ብቻ ይበቃል። አስተርጓሚ መጠየቅ የሚያሳፍር ከመሰለዎ አንኮበር ቅርብዎ ናት፤ በ1841 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ወደዚያ ከሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ሊዋዋል ሲመጣ፣ አማርኛ የተማረው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ክራፕፍ ነበር በመካከል ያስተረጎመ። ንጉሥና መልእክተኛ ያልናቁትን እርስዎም አይናቁት። ለድንገተኛ አደጋ የሚደወለው 911 ሲሆን «ናይን ዋን ዋን» ይባላል፤ ሲደውሉ የቤቱን አድራሻ ተናግረው «አምሃሪክ» ይበሉ። አድራሻው ከነቁጥሩ በቃልዎ ይሁን፣ በወረቀትም ተጽፎ በቦርሳዎ ይኑር።

የሰዓቱ ጉዳይ አጭር ነው፤ ከተረሳ ግን ቀጠሮ ያሳጣል። «ቴን ሰርቲ» ብለው ቢቀጥሩዎ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ነው፤ ስድስት መቀነስ ወይም በግድግዳ ሰዓቱ ላይ ትይዩ ያለውን ቁጥር ማየት ነው። የስልክዎን ሰዓት ከዛሬ ጀምረው በፈረንጁ ያድርጉት።

ስለ አውቶቡስ ብዙ አልልም፤ የሚሄዱበትን ስፍራ በወረቀት ጽፈው «ዳዝ ዚስ በስ ጎ ሂር?» ብለው ለሹፌሩ ያሳዩታል፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜም ከሰው ጋር ይሄዳሉ። ባንክና ፖስታ ቤት ለልጅዎ ይቆዩ። በስልክ የሚተረጉመውን ጎግል ትራንስሌት ብዙ ሰው ይመክርዎ ይሆናል፤ አማርኛን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ ያውቃል፣ የዕቃ መጠቅለያ ላይ ያለውን ጽሑፍ በካሜራ አንብቦ ለማስረዳትም ይጠቅማል፤ የመድኃኒት መጠንን ግን በእርሱ አይመኑ። ጾም ሲገባ ደግሞ «ቪጋን» የሚል ቃል የተጻፈበትን ምግብ ይፈልጉ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ማለት ነው። ካልተጻፈበት «ዳዝ ኢት ሃቭ ሚልክ? በተር? ኤግስ?» ብለው ይጠይቁ።

ልጅዎ «ሁሉንም እኔ አደርገዋለሁ» ማለቷ ከፍቅር ነው፤ ነገር ግን ይህን ደብዳቤ ያነብቡላትና አንድ ነገር ቃል ታስገባዎት። በደረሱ በመጀመሪያው ሳምንት ባለቤቷ መደብሩ ደጅ ድረስ ያድርስዎ፣ እርሱ ግን መኪናው ውስጥ ይቆይ፤ እርስዎ ብቻዎን ይግቡ። የሚገዙት ሁለት ነገር ብቻ ይሁን፣ ወተትና ዳይፐር። ወተቱ የሚሸጠው በ«ጋሎን» ነው፤ አንዱ ጋሎን ወደ 3.8 ሊትር ስለሚሆን ለመሸከም ይከብዳል፣ «ሃፍ ጋሎን» ይውሰዱ፤ ቅባቱ ያልወጣለት «ሆል ሚልክ» ይባላል። ዳይፐሩ በቁጥር ይለያል፣ ቁጥሩ የሚሰጠውም በሕፃኑ ክብደት ስለሆነ ከቤት ሲወጡ ጠይቀው ይውጡ። ደረሰኙን፣ እነርሱ «ሪሲት» የሚሉትን፣ አይጣሉት። እኛ ዘንድ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ እዚያ ግን ያልተከፈተ ዕቃ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ከነደረሰኙ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። የዳይፐሩ ቁጥር ለሕፃኑ በዝቶ ከተገኘ እሽጉን ማንም አይክፈተው፤ በማግስቱ «አይ ዉድ ላይክ ቱ ሪተርን ዚስ» ብለው የሚመልሱት እርስዎው ይሁኑ።